ዶቃው ከዘንጉ አልላቀቅ ሲል
(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው እጅግ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም ከብርጭቆ የተሠራ አንድ ዶቃ ከተሠራበት የብረት ዘንግ አልወጣም ብሎ ተጣብቆ ሲቀር፣ ሳይሰበር የሚላቀቀው በምን ብልሃት ነው የሚል ነው። ዶቃ ስንል በአገራችን ጨሌ እየተባለ በእናቶቻችንና በአያቶቻችን አንገት ላይ ሲታይ የኖረውን የብርጭቆ ጌጥ ማለታችን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከነበልባል ፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ለደከመ ባለሙያ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዶቃው በእጁ ላይ ሁለት ሲሆን ማየት ቀላል ኀዘን አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በብረትና በብርጭቆ ላይ ያላቸውን ሥልጣን ከዚህ የበለጠ በግልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ጨሌን በእጁ አንሥቶ የተመለከተ ሰው ሁሉ ቀዳዳውን ያያል፤ ቀዳዳው በምን መንገድ እንደ ወጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ዶቃው ከተሠራ በኋላ በመሰርሰሪያ የተበሳ ይመስለዋል። ብርጭቆ ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለ ሆነ እያንዳንዱን ፍሬ መብሳት ድካሙም ኪሳራውም ብዙ ነው። ስለዚህ የጥንት ሠራተኞች ዶቃው ገና ሲሠራ ቀዳዳውን ይዞ እንዲወጣ የሚያደርጉ መንገዶች ፈለጉ። አንደኛው፣ የቀለጠውን ብርጭቆ ውስጡን ባዶ አድርጎ እንደ መቃ አርዝሞ ከሳቡት በኋላ ሲበርድ በትንንሹ መቆራረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ የቀለጠውን ብርጭቆ በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ጠምጥሞ፣ ከበረደ በኋላ ዘንጉን ከውስጡ መዝዞ ማውጣት ነው፤ የዘንጉ ስፍራ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው።

የብርጭቆ ጌጥ ወደ አገራችን ምድር መግባት የጀመረው ትናንት አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው፣ «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለው የነጋዴዎች መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል በግብጽ ከምትገኘው ከዲዮስፖሊስ የሚመጣ ልዩ ልዩ የብርጭቆ ድንጋይ እንደ ነበረበት ይናገራል። በኋለኛው ዘመን ግን በዓለም ሁሉ የዶቃ ንግድ ስሟ የገነነው የኢጣልያዋ ቬኒስ ናት። የቬኒስ መንግሥት የብርጭቆ ምድጃዎች ከተማዋን በእሳት እንዳያጠፉ ሠግቶ፣ በ1291 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ምድጃዎቹ ከከተማዋ ወጥተው ሙራኖ ወደ ተባለችው ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘ። ትልልቁ ምድጃ እንዲህ ቢርቅም፣ በትንሽ መብራት ነበልባል የሚሠራው የዶቃ ሥራ በየቤቱ ሊሠራ የሚችል ስለ ነበረ፣ በኋላ ዘመን ብዙ የቬኒስ ሴቶች ከመብራቱ ፊት ተቀምጠው ይተዳደሩበት ነበር። በዘይት ወይም በሞራ የሚነድደውን መብራት በእግር በሚረገጥ ወናፍ እያናፉ ያጋግሉት ነበር። ዛሬ የዘይቱን ስፍራ ጋዝና ኦክሲጅን ይዘውታል። ዩኔስኮ ይህን የብርጭቆ ዶቃ ጥበብ በ2020 በኢጣልያና በፈረንሳይ ስም ከማይዳሰሱት የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ባለሙያው በግራ እጁ ዘንጉን፣ በቀኝ እጁ እርሳስ የሚያህል የብርጭቆ በትር ይይዛል። ይህ ዘንግ በሙያው ቋንቋ ማንድረል ይባላል፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከማይዝግ ብረት የተበጀ፣ ውፍረቱ 2.4 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው። የብርጭቆው በትር ጫፍ በነበልባሉ ውስጥ እየለሰለሰ እንደ ማር መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ባለሙያው ዘንጉን ሳያቋርጥ እያሽከረከረ ይጠመጥመዋል። ማሽከርከሩን ለአፍታ ቢያቆም ብርጭቆው ወደ ታች ይዘነብላል።

የቀለጠ ብርጭቆ ግን የጋለ ብረትን ከነካ አይለቅም። በብረቱ ገጽ ላይ ያለው ስስ የዝገት ቆዳ በቀለጠው ብርጭቆ ውስጥ በከፊል ይሟሟና ሁለቱ እንደ አንድ ይያያዛሉ። በኢናሜል የተለበጠ የቆርቆሮ ሳሕን በየቤቱ አለ፤ ልባጩ በብረት ላይ የተጋገረ ብርጭቆ መሆኑን የሚያስብ ግን ብዙ አይደለም። ለሳሕኑ መጣበቁ በረከት ነው፤ ለዶቃ ሠሪው ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ ዘንጉ አስቀድሞ በቅብ ይሸፈናል። ቅቡ ካዎሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላና ከአሉሚና፣ አንዳንዴም ግራፋይት ተጨምሮበት፣ በውኃ ተበጥብጦ እንደ ቀጭን ሊጥ የሚዘጋጅ ነው። ዘንጉ በዚህ ውስጥ ይነከርና ይደርቃል። የአገራችን ሴቶች እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ያለ ነገር ነው፤ ምጣዱ በሚገባ ካልታሰሰ እንጀራው ምን እንደሚሆን ለአድማጮቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ዶቃው ቅርጹን ሲይዝ ከነዘንጉ ወደ ምድጃ ይገባል። በዚያም ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ጥቂት ቆይቶ፣ በብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ይበርዳል። በአየር ላይ ቶሎ የበረደ ብርጭቆ ውጪው ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ስለሚሆን፣ በሆዱ የተሸሸገ ውጥረት ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለው ዶቃ ከዘንጉ በሚላቀቅበት ጊዜ በትንሽ ምክንያት ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱም በእጅ ላይ ይሳበባል።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። የሙያው ሰዎች «ተጣበቀ» ሲሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። በእኔ አስተያየት፣ ሁለቱን ሳይለዩ መታገል ከመጀመር የበለጠ ዶቃ የሚሰብር ነገር የለም።

የመጀመሪያው፣ ብርጭቆው ብረቱን ሳይነካ ቅቡ ብቻ በመካከል ጠንክሮ ሲይዝ ነው። ቅቡ በእሳት ስለ ተጋገረ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ በአንድ ወገን ዘንጉን፣ በሌላው ወገን የቀዳዳውን ግድግዳ ጨብጦ ይቀመጣል። ዶቃው ረዥም በሆነ መጠን ጭብጡ ይጠነክራል፤ 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም ዶቃ 1 ሴንቲሜትር ከሚረዝመው ይልቅ አራት እጥፍ ስፍራ ተይዟል ማለት ነው። ዘንጉ ጎብጦ እንደ ሆነም ዶቃው በጉብጠቱ ላይ ማለፍ አይችልም።

ሁለተኛው፣ ቅቡ ተሰብሮ ብርጭቆው ራሱ ብረቱን ሲይዝ ነው። ይህም የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። ቅቡ ሳይደርቅ ወደ ነበልባል ከገባ በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ቅቡ ሲበዛ ከሳሳ ብረቱን በሙሉ አይሸፍንም። በሚገባ ያልለሰለሰ ብርጭቆ በግድ ሲጠመጠም ደግሞ ቅቡን ከዘንጉ ላይ ገንጥሎ ያነሣዋል፤ በዚህ ጊዜ ዶቃው ገና በእሳት ውስጥ ሳለ ዘንጉን ትቶ ለብቻው መዞር ይጀምራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ይህን ምልክት ሲያይ ሥራውን ያቆማል፤ የቀጠለ እንደ ሆነ ብርጭቆው በስንጥቁ በኩል ሠርጎ ብረቱን ማግኘቱ አይቀርምና።

ሁለቱን ለመለየት ማጉያ መነጽር ይበቃል። የዶቃውን ሁለት ጫፎች በብርሃን ሲመለከቱ፣ በዘንጉና በብርጭቆው መካከል ነጩ ወይም ግራጫው የቅብ ቀለበት ሳይቋረጥ ከታየ ነገሩ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ተስፋ አለው። ቀለበቱ ተቋርጦ ብርጭቆው በጥቁሩ ብረት ላይ ተኝቶ ከታየ፣ ወይም ከቀዳዳው አጠገብ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የሚያበራ ስንጥቅ ከተገኘ፣ ሁለተኛው ነው።

ስለ ብረትና ስለ ብርጭቆ ጠባይም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሲሞቁ ይሰፋሉ፣ ሲበርዱም ይኮማተራሉ፤ መጠናቸው ግን አይተካከልም። 1 ሜትር የሚረዝም የማይዝግ ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 1.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። በሙራኖ የዶቃ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ለስላሳ ብርጭቆ በዚያው ሙቀት የሚጨምረው 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠራበት፣ ቦሮሲሊኬት የተባለው እሳት ቻይ ብርጭቆ ደግሞ ከ0.33 ሚሊሜትር አያልፍም። እንግዲህ ዘንጉና ዶቃው በምድጃው ውስጥ አብረው ሲበርዱ ዘንጉ ከዶቃው አብልጦ ይቀጥናል፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ ከ500 ዲግሪ ወደ ክፍል ሙቀት ሲወርድ በ2.4 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ የሚገኘው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር 8 ሺኛ ያህል ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ዐሥረኛ ገደማ ማለት ነው። በቦሮሲሊኬት ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። ዶቃ ከዘንግ ላይ የሚወጣው በዚህች ከጠጉር ባነሰች ክፍተት ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ይነሣል። ክዳኑ አልከፈት ያለ የማርመላታ ጠርሙስ ሲያጋጥመን ክዳኑን በሙቅ ውኃ እንነክረዋለን፤ ወዲያው ይከፈታል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የተጣበቀ ነገር ሁሉ በሙቀት የሚላላ ይመስለዋል። በጠርሙሱ ላይ ግን ብረቱ በውጭ፣ ብርጭቆው በውስጥ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ብርጭቆውን ይለቃል። በዶቃው ነገሩ ይገለበጣል፤ ብረቱ በውስጥ፣ ብርጭቆው በውጭ ነው። ዘንጉ በእሳት ወይም በፈላ ውኃ የጋለ እንደ ሆነ ከውስጥ ሰፍቶ ዶቃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብርጭቆ ደግሞ ሲጨመቅ ብዙ ኃይል ይችላል፣ ሲወጠር ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከዶቃው ውጭ የተረፈውን የዘንግ ጫፍ በነበልባል ማጋል፣ እንደ መድኃኒት የሚቆጥሩት ቢኖሩም፣ ዶቃውን ሆን ብሎ ከመስበር አይለይም።

ሙቀት ጠላት ከሆነ ቅዝቃዜ ወዳጅ ነው ብለው፣ ዶቃውን ከነዘንጉ በማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ውስጥ የሚያሳድሩ አሉ። አሳቡ ትክክል ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። ከክፍል ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚጨመረው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ከምድጃው ሲወርድ ወደ 480 ዲግሪ በርዶ ያልለቀቀ ዶቃ፣ ተጨማሪው 38 ዲግሪ ብቻውን ይፈታዋል ማለት ዘበት ነው። ቅዝቃዜው የሚረዳ ከሆነ በሌላ መንገድ ነው፤ ዶቃው አስቀድሞ በውኃ ተነክሮ ከሆነ ወደ ቅቡ የሠረገው ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋና ቅቡን ያፈራርሰዋል። ይህም ለድፍን ዶቃ ብቻ የሚደረግ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ዶቃ ውኃ ይዞ በረዶ ክፍል ከገባ በረዶው ራሱ ይፈነቅለዋል። ብረቱን የያዘ ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜው ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ ብረቱ ሲኮማተር የያዘውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ስቦ ይሰነጥቀዋልና።

እንግዲህ ቅቡ ብቻ የያዘውን ዶቃ ማላቀቅ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዶቃው እስኪበርድ መታገሥ፣ ከዚያም በክፍል ሙቀት ባለ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ውኃው በቅቡ ቀዳዳዎች ሠርጎ ያላላዋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ደረቅ ቅብ ሲፈረፈር የሚነሣው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለ ሆነ፣ ይህ ሥራ ሁሉ በእርጥብ እንጂ በደረቅ ሊሠራ አይገባም። በማግሥቱ ከዶቃው ወዲህና ወዲያ በዘንጉ ላይ የቀረውን ቅብ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማጥራት ነው፤ ዶቃው የሚወጣበት መንገድ ጥርጊያ መሆን አለበትና። ዘንጉ ከጎበጠ ዶቃው ቀጥ ባለው ወገን እንዲወጣ ይደረጋል፤ በሁለቱም ወገን ከጎበጠ ጉብጠቱን ከዶቃው ርቆ በመጋዝ ቆርጦ መጣል ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ዘንጉ በሞርሳ ይያዛል፤ ሞርሳ ከሌለ በጠንካራ ፒንሳ። የሚያዘውም ከዶቃው 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው፤ በሩቅ የተያዘ ዘንግ ሲጠመዘዝ ይጎብጣልና። ፒንሳ ዘንጉን እንጂ ዶቃውን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ዶቃው የሚያዘው በእጅ ነው፤ እንዳያሟልጭ በእርጥብ የላስቲክ ጓንት ወይም በላስቲክ ቁራጭ ተሸፍኖ። ዓይንም መነጽር ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዶቃውን እንደ ቡሽ ሊነቅለው ይስበዋል። መሳብ ሳይሆን ማዞር ነው የሚገባው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ወገቡ 15 ሚሊሜትር የሆነ ዶቃ በ2.4 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ሲዞር፣ ጣት በዶቃው ዙሪያ የምታሳርፈው ኃይል በቅቡ ላይ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይደርሳል። በመሳብ ግን የተሳበው ኃይል ያው ራሱ ነው፣ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ዶቃውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ግራ ማወዛወዝ ነው። ቅቡ ሲሰበር አሸዋ በጥርስ መካከል ሲፈጭ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ዶቃው ሙሉ ዙር መዞር ሲችል ውኃ ጠብ እያደረጉለት፣ እያዞሩ ቀስ ብሎ ወደ ጫፉ ማምጣት ነው። ካልዞረ እንደገና ወደ ውኃው ይመለስ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሌሊት ማሳደር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ዘንጉን በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አፍ ውስጥ አግብተው እያሽከረከሩ ዶቃውን በእጃቸው የሚይዙም አሉ። ሥራው ይፈጥናል፤ እኔ ግን አልመክርም። እጅ ዶቃው እንቢ ሲል ይሰማዋል፣ ያቆማልም፤ ሞተር ግን አይሰማውም፣ የተሰበረውም ብርጭቆ የሚገኘው በጨበጠው መዳፍ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለት ብርጭቆው ብረቱን የያዘበት፣ በጉልበት አይፈታም። በእርግጥ የነካው ስፍራ እንደ ነጥብ ትንሽ ከሆነ ከላይ የተናገርነው ማዞር አንዳንዴ ይገነጥለዋል፤ ከቀዳዳው ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ቢቀርም ዶቃው ይተርፋል። ብዙ ስፍራ ከያዘ ግን መታገሉን መተው ነው። ዘንጉ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ሽቦ ነው፤ ዶቃው ግን ያ ሰው ዳግመኛ በዚያው መልክ ሊሠራው የማይችለው ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን መሠዋት ይሻላል። ከዶቃው ራቅ ብሎ በቀጭን መጋዝ ይቆረጥና ዶቃው ከነብረቱ የጠጉር ወይም የባርኔጣ መውጊያ ራስ ሆኖ ይቀራል። በፒንሳ መቁረጥ ግን አይገባም፤ ሽቦው ሲበጠስ የሚፈጠረው ንዝረት እስከ ብርጭቆው ይደርሳልና። ብረቱን በአልማዝ መሰርሰሪያ ቦርቡሮ ማውጣት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይቻል ይሆናል፣ ነገር ግን የማይዝግ ብረት ከብርጭቆ ይልቅ ቻይ ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ መገመት አያዳግትም።

የቬኒስ ሠራተኞች በዚህ ረገድ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ዶቃውን በመዳብ ሽቦ ላይ ይጠመጥሙና፣ ከበረደ በኋላ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ይጨምሩታል። አሲዱ መዳቡን አሟሙቶ ይጨርሰዋል፤ ብርጭቆውን ግን አይነካውም። በዚህ መንገድ የሚላቀቅ ነገር የለም፣ የሚጠፋ ሽቦ ነው እንጂ። የዛሬው ባለሙያ ግን ይህ መንገድ ተዘግቶበታል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ከናይትሪክ አሲድም ይጠብቀዋልና። ወደ መዳብ ልመለስ የሚል ቢኖር፣ መዳብ በ1085 ዲግሪ የሚቀልጥ ስለ ሆነ በዛሬው የኦክሲጅን ነበልባል ፊት ብዙ እንደማይቆይ ይወቅ። መዳብ ሲሟሟ ከአሲዱ የሚነሣው ቡናማ ጭስም መርዝ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ዶቃው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀዳዳውን ማጥራት ነው። የቅቡ ትራፊ በግድግዳው ላይ እንደ ኖራ ተለጥፎ ይቀራል፤ ክር ይበላል፣ ሲፈርስም ልብስ ያቆሽሻል። ይህም በውኃ ውስጥ እንዳለ በቀጭን የአልማዝ ሞረድ ይፈገፈጋል። የጥንት ሠራተኞች ሁልጊዜ ይህን ያህል አይጨነቁም ነበርና፣ ከእነርሱ እጅ በወጡት ዶቃዎች ቀዳዳ ውስጥ ትራፊው ዛሬም ይገኛል። ከአድማጮቼ መካከል በቤቱ የአያቱ ጨሌ ያለው ሰው ቢኖር፣ አንዱን ፍሬ በማጉያ መነጽር ይመልከተው። በብርጭቆው ውስጥ ያሉት ጭረቶችና የአየር አረፋዎች በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ክር ተጠምጥመው ከታዩ፣ ያ ፍሬ ከነበልባል ፊት በዘንግ ላይ የተሠራ ነው፤ ቀዳዳውን ተከትለው በርዝመቱ ከሄዱ ግን እንደ መቃ ተስቦ የተቆረጠ ነው። ከቀዳዳው ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ከተገኘም፣ አንድ ሰው ዶቃው እንዳይጣበቅበት በዘንጉ ላይ የቀባው ቅብ ትራፊ ሊሆን ይችላል።